ሞቱ ወይስ ጠፉ? የኮሪያ ጦርነት ምርኮኞችና የሐኪሞቻቸው መዝገብ

የኮሪያ ጦርነት በኢትዮጵያ የሚታወሰው በቃኘው ሻለቃ ገድል ነው። እየተተካኩ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ሲዋጉ ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ከ500 በላይም ቆስሎባቸዋል። በጠላት እጅ የተማረከባቸው ሰው ግን አንድም የለም። ይህ ነገር ለትውልድ በኩራት ሲነገር ኖሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የቆሰለውንም ሆነ የወደቀውን በጠላት ወረዳ ጥሎ አለመመለስ የሻለቃው ልማድ እንደ ነበር ከጎኑ የተሰለፉት መስክረውለታል። ሆኖም የዘመኑን አቆጣጠር አብሮ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቃኘው ፑሳን ወደብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በሜይ 1951 መጀመሪያ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ጦር በጅምላ እየተከበበ የሚማረክበት የ1950ው የብርድ ወቅት አልፏል። ከጥቂት ወራት በኋላም ግንባሩ በአንድ መስመር ላይ ረጋ። የምርኮኞቹ እልቂት የተፈጸመው በአብዛኛው ከዚያ በፊት ነው። ኢትዮጵያውያን ስላልነበሩበትም ይመስላል፣ ይህ የጦርነቱ ምዕራፍ በአማርኛ ብዙ አልተጻፈለትም። ለጤና ባለሙያ ግን ከጦርነቱ ምዕራፎች ሁሉ ይልቅ ይህኛው ይቀርበዋል፤ በምርኮ የሞቱት በአብዛኛው በጥይት ሳይሆን ማንኛውም የጤና ጣቢያ በሚያውቃቸው በሽታዎች ነውና።

በአሜሪካ መንግሥት አኃዝ መሠረት በጦርነቱ ዘመን 7,140 የአሜሪካ ወታደሮች ተማርከዋል። ከእነዚህ 2,701ዱ በምርኮ ላይ ሞቱ፤ 4,418ቱ ተመለሱ፤ 21ዱ ደግሞ ወደ አገራችን አንመለስም ብለው ቀሩ። የሞቱት ከመቶ 38 ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን እጅ ከወደቁት አሜሪካውያን መካከል የሞቱት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ እንደ ነበሩ ሲታሰብ የነገሩ ክብደት ይገለጣል። በኮሪያ የሞቱትም ቢሆኑ በሦስቱ የጦርነት ዓመታት ላይ የተበተኑ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ያለቁት ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 አጋማሽ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

ሞቱ የጀመረው ከመንገድ ላይ ነው። በ1950 በጋ የተማረኩ ከ700 በላይ አሜሪካውያን ወታደሮችና 80 ያህል ሲቪሎች፣ ሚስዮናውያንና ዲፕሎማቶች ጭምር፣ በኦክቶበር 31 ቀን ማንፖ ከተባለችው ከተማ ተነሥተው በያሉ ወንዝ አጠገብ ወደ ቹንጋንግጂን ተነዱ። ይመራቸው የነበረው የሰሜን ኮሪያ መኮንን በምርኮኞቹ ዘንድ «ነብሩ» በሚል ቅጽል ብቻ ይታወቃል። ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረ ይገደል ነበር። 160 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ ጉዞ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ 100 ሰው ሞተ። የተረፉት ሀንጃንግኒ በተባለች መንደር ሲከርሙ፣ የበጋ ልብስ እንደ ለበሱ በዚያ ውርጭ፣ ሌላ ከ200 በላይ ሰው በተቅማጥ፣ በሳንባ ምችና በረሃብ አለቀ። ከሲቪሎቹ መካከል ኤርንስት ኪሽ የተባሉ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነበሩ። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች በሕይወት የወጡት እኚህ ሰው በኮሪያ ምርኮ በ1951 ሞቱ።

በኖቬምበር 1950 መጀመሪያ ደግሞ የቻይና ጦር ኡንሳን ላይ አንድ የአሜሪካ ፈረሰኛ ሬጅመንት ከበበ። የአንዱ ሻለቃ ሐኪም ካፒቴን ክላረንስ አንደርሰንና የጦሩ ቄስ ኤሚል ካፓውን መውጣት የሚችሉት ሲወጡ መንቀሳቀስ ከማይችሉት ቁስለኞች ጋር ለመቅረት መርጠው ተማረኩ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩኑሪ ላይ ሌሎች ብዙ ሺህ ወታደሮች ተያዙ፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪሞች ነበሩ። ምርኮኞቹ በሸለቆ ውስጥ ባሉ ጊዜያዊ ማቆያዎች ከተንገላቱ በኋላ ብዙዎቹ በያሉ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ፒዮክቶንግ ተወሰዱ። ይህች ስፍራ «ካምፕ 5» በሚል ስም ትታወቃለች፤ በዚያች አንዲት ካምፕ ብቻ 1,600 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

በካምፕ 5 የነበረውን የሞት ምክንያት ከማንም በላይ አጥርተው የጻፉት ራሳቸው ምርኮኛ የነበሩት ሐኪሞች ናቸው። አንደርሰን፣ ቦይሰን፣ ኤሰንስተን፣ ላምና ሻዲሽ የተባሉት አምስት ሐኪሞች ከተፈቱ በኋላ ያዩትን አሰባስበው በ1954 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተሙ። ጽሑፉ የጀግንነት ትረካ አይደለም። የሚናገረው ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቅማል፣ ስለ ቦታ ጥበት ነው።

ምግቡ የተከካ በቆሎ፣ ማሽላና አልፎ አልፎ አኩሪ አተር ነበር። መጠኑ ከማነሱም ሌላ ፕሮቲንና ቫይታሚን የጎደለው ነበር። አኩሪ አተሩ ማገዶ በማነሱ ምክንያት በደንብ ሳይበስል ይበላ ስለ ነበር፣ ሊጠቅም የመጣው እህል የታመመውን አንጀት ይበልጥ አሳመመው። ለረጅም ጊዜ ማብሰል እንደሚያስፈልግ ምርኮኞቹ እስኪረዱ ድረስ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ተቅማጡ የተበላውን ጥቂት ምግብ ጠርጎ ያወጣል፤ የተዳከመውን ሰው የሳንባ ምች ያገኘዋል፤ በዚያ ላይ ቤሪቤሪ፣ ፔላግራና ዳፍንት ይጨመራሉ። በማታ ማየት የተሳነው ሰው ሌሊት ለተቅማጡ ሲወጣ መንገዱን ይስታል፤ ውርጭ የበላው እግሩ ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለአንድ ምርኮኛ አንድ የሞት ምክንያት መጻፍ አስቸጋሪ ነበር። ማታ ከጓደኛው ጋር ሲነጋገር ያመሸው ሰው ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በቲያሚን እጥረት የተጎዳ ልብ በድንገት እንደሚቆም የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አይደነቅ ይሆናል፤ ከጎኑ ተኝቶ ለነቃው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ግን ሊገባው የሚችል ነገር አልነበረም።

መድኃኒት እጅግ ጥቂት በሆነበት ሐኪሞቹ የያዙት መሣሪያ ጤና አጠባበቅ ነበር። ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ፣ ቅማል በየቀኑ እንዲለቀም፣ መጸዳጃ ከመኝታ እንዲርቅ መወትወት። ቄስ ካፓውን ከፈራረሱ ቤቶች ያገኙትን ቆርቆሮ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ድስት ይሠሩ ነበር፤ በእርሱም በረዶ አቅልጠው አፍልተው ለታመሙት ያድሉ ነበር። የደከሙትን ልብስ ያጥባሉ፤ ቅማላቸውን ይለቅማሉ፤ ምግብም ከጠባቂዎቹ ጎተራ ይሰርቃሉ። በካምፑ ከተሰጡት ሕክምናዎች መካከል ያቺን የፈላ ውሃ የሚበልጥ ብዙ አይገኝም። እርሳቸው በ1951 ጸደይ በእግር ደም መርጋትና በሳንባ ምች ታመሙ። ሐኪሞቹ እየተሻላቸው ነው ብለው ቢቃወሙም ጠባቂዎቹ በኮረብታው ላይ ወዳለው የቀድሞ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አስወሰዷቸው። ቦታው በስም ሆስፒታል ነበር፤ ምርኮኞቹ ግን «የሞት ቤት» ይሉት ነበር። ሜይ 23 ቀን 1951 በዚያ ሞቱ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ክርክር ያስነሣው ምርኮኞቹ «እጅ የመስጠት በሽታ» ብለው የሰየሙት ሁኔታ ነው። አንድ ወጣት መናገር ይተዋል፤ ብርድ ልብሱን በራሱ ላይ ይስባል፤ ምግብ ሲሰጡት ይመልሳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሐኪሞቹና ጓደኞቹ ያገኙት ዘዴ ሰውየውን በግድ ማስነሣት፣ ማስቆጣት፣ ማሳደብ፣ እስኪራመድ መጎተት ነበር። ከተቆጣ ይተርፋል ይባል ነበር፤ የተረፉም አሉ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን ይህ ሁኔታ በአሜሪካ የፖለቲካ መነጋገሪያ ሆነ። ጋዜጠኛው ዩጂን ኪንኬድ በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ወጣቶቹ የሞቱት በአስተዳደግ ድክመትና በሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው የሚል መልእክት አሰራጩ፤ ቱርኮቹ ምርኮኞች ተደጋግፈው መትረፋቸውም ለማስረጃነት ቀረበ። ሶሲዮሎጂስቱ አልበርት ቢደርማን በ1963 ይህን በዝርዝር ተቃወሙ። ሟቾቹን የገደላቸው የያዛቸው ወገን አያያዝ እንደ ሆነ፣ የተያዙበት ጊዜና የቆዩበት ማቆያ ከአገር ልጅነት ይልቅ ብዙ እንደሚናገር አሳዩ።

ከሕክምና አንጻር የቢደርማን ወገን ይበልጥ ያሳምናል። ፔላግራ ራሱ አእምሮን ያደበዝዛል፤ የቲያሚን እጥረት ገና ከጅምሩ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። «አልበላም» ያለው ልጅ ፈቃዱ የሞተበት ሳይሆን በሽታው ፈቃዱን የወሰደበት ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው ጆን ሊች በ2018 ባቀረቡት ጽሑፍ ሁኔታው ስንፍናም መንፈሰ ደካማነትም ሳይሆን፣ በአንጎል የፊት ክፍል ውስጥ ለተግባር የሚያነሣሣው ሥርዓት መዛባት ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ይህ ገና መላ ምት ነው። ይሁን እንጂ ሙታንን በጠባያቸው ከመክሰስ ይሻላል።

በወረቀት ላይ ግን ይህ ሁሉ መሆን አልነበረበትም። በኦገስት 1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ጦርነቱ ሲፈነዳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሰሜን ኮሪያ በጁላይ 1950 ድንጋጌዎቹን እንደምታከብር አስታውቃ ነበር፤ ቻይና ደግሞ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1952 ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ሰሜኑ ካምፖች እንዲገባ አልተፈቀደለትም። የስምምነቱ 31ኛ አንቀጽ የሚገርም ዝርዝር አለው። እያንዳንዱ ምርኮኛ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲመረመር፣ ክብደቱ ተለክቶ እንዲመዘገብ፣ የሳንባ ነቀርሳም ቶሎ እንዲገኝ በየጊዜው የጅምላ የደረት ራጅ እንዲነሣ ያዛል። 33ኛው አንቀጽ የተያዘ ሐኪም እንደ ምርኮኛ እንዳይቆጠርና ወገኖቹን እንዲያክም እንዲፈቀድለት ይደነግጋል። 120ኛው የሞተ ሁሉ የሞት ማስረጃ እንዲጻፍለት፣ መቃብሩም እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በፒዮክቶንግ ሙታኑ የሚቀበሩት በጓደኞቻቸው ነበር። መሬቱ በበረዶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረውም፤ ቀባሪዎቹም ራሳቸው በሽተኞች ነበሩ።

በተባበሩት መንግሥታት ወገን የነበሩት ካምፖችም ከነቀፋ አያመልጡም። በኮጄ ደሴት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በታጎረበት በ1951 የባክቴሪያ ተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ምርኮኞችን ፈጅቷል። ልዩነቱ እዚያ የሕክምና ቡድን መሰማራቱና መዝገብ መያዙ ነው። ቀድሞ ይፈውሱ የነበሩት የሰልፋ መድኃኒቶች ኃይላቸው መድከሙ የታወቀውና አዳዲሶቹ አንቲባዮቲኮች በሕሙማኑ ላይ እየተነጻጸሩ የተጠኑት በዚያ ነበር።

መዝገብ ያልተያዘበት ወገን ምን እንዳስከተለ የታየው በዲሴምበር 18 ቀን 1951 ነው። በዚያን ቀን በተኩስ አቁሙ ድርድር ላይ ሁለቱ ወገኖች የምርኮኞችን ስም ዝርዝር ተለዋወጡ። በሰሜኑ ወገን የቀረበው ዝርዝር 11,559 ስም ብቻ ይዟል፤ ከእነዚህ አሜሪካውያን 3,198፣ ደቡብ ኮሪያውያን 7,142 ነበሩ። በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ከ65,000 በላይ ማርከናል ብለው ያወጁት እነዚያው ነበሩ። በዝርዝሩ ስሙ ያልተገኘ ልጅ የነበረው ቤተሰብ ለቅሶ ይቀመጥ ወይስ ይጠብቅ አላወቀም።

ይህን ክፍተት ሊዘጋ የሞከረ አንድ ተራ ወታደር ነበር። ጆኒ ጆንሰን በጁላይ 1950 ሲማረክ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ከላይ የተጠቀሰውን የ«ነብሩ»ን ጉዞ ተጉዟል። አብረውት ያሉት ሲሞቱ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውንና የሞቱበትን ቀን በወረቀት ብጥስጣሽ ላይ በድብቅ መጻፍ ያዘ። ጠባቂዎቹ አንዱን ቅጂ አገኙበትና ተቀጣ፤ ሌላ ቅጂ ግን ደብቆ ነበር። በ1953 ሲፈታ ዝርዝሩን በጥርስ ሳሙና ቱቦ ውስጥ ሸሽጎ አወጣው፤ 496 ስም ነበረበት። ለጠየቁት መኮንኖች ቢያሳውቅም ለአርባ ዓመት ያህል ትኩረት የሰጠው አልነበረም። ዝርዝሩ ተፈልጎ የተገኘው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ጆንሰን በ1996 የብር ኮከብ ሜዳይ ተሸለመ። ያ ልጅ የሕክምና ትምህርት አልነበረውም። የጻፈው ግን በስምምነቱ መሠረት የካምፑ አዛዥና የካምፑ ሐኪም ሊጽፉት የሚገባቸውን ነበር።

የደቡብ ኮሪያውያኑ ዕዳ ከሁሉም የከፋ ነው። ከ80,000 በላይ ወታደሮቻቸው እንደ ጠፉ ሲቆጠሩ በ1953 ልውውጥ የተመለሱት 8,300 ያህል ብቻ ናቸው። ብዙዎች በሰሜን ኮሪያ ማዕድን ማውጫዎች ለዓመታት ሲሠሩ እንደ ኖሩ የታወቀው ሌተናንት ቾ ቻንግሆ ከ43 ዓመት በኋላ በ1994 አምልጠው ሲመጡ ነው። እርሳቸው እንደ ሞቱ ተቆጥረው ስማቸው በሴኡል ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀርጾ ነበር። ከእርሳቸው በኋላም በርካቶች አመለጡ፤ ቁጥራቸው 80 ደርሷል።

ለአሜሪካውያኑ ሙታን የተገኘው መልስ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከራጅ ክፍል መጣ። በ1954 ሁለቱ ወገኖች አስከሬን ሲለዋወጡ ሰሜን ኮሪያ ከ4,000 በላይ አፅሞችን አስረከበች፤ ከፒዮክቶንግ መቃብሮች የወጡም ነበሩባቸው። ማንነታቸው ያልታወቀው ሃዋይ በሚገኘው ብሔራዊ መካነ መቃብር «ያልታወቀ» ተብለው ተቀበሩ። ዘረመል (ዲኤንኤ) መመርመር ሲቻል ተስፋ ተጥሎ ነበር፤ ነገር ግን አፅሞቹ ጃፓን ውስጥ ኮኩራ በተባለች ከተማ ሲዘጋጁ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ዱቄት ተነስንሶባቸው ኖሮ ዘረመሉን አበላሽቶታል። ለአፅም ጥበቃ ተብሎ የተደረገው ነገር መታወቂያቸውን ሰረዘው ማለት ነው።

በሌላ በኩል እያንዳንዱ ምልምል ወደ ሠራዊቱ ሲገባ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይኖርበት የደረት ራጅ ይነሣ ነበር። ከነቀርሳ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ፊልሙ ለማንም አይጠቅምም፤ ሆኖም አልተጣለም። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ትናንሽ ፊልሞች በመንግሥት መዝገብ ቤት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ተኝተው ቆዩ። በሃዋይ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከትከሻ እስከ ደረት አጥንት የሚዘረጋው የክላቪክል አጥንት ቅርጽ ከሰው ሰው እንደሚለይ ያውቁ ነበርና፣ ከመቃብር የወጣውን አጥንት በአሮጌው ፊልም ላይ ከሚታየው ጋር የሚያነጻጽሩበትን ዘዴ አበጁ። ዘዴው የአንገት አከርካሪዎችንም ይጠቀማል። ከዘረመል ምርመራ በፊት ማንነታቸው ሊታወቅ አይችልም ተብለው የተተዉ ብዙዎች በዚህ መንገድ ስማቸው ተመለሰላቸው። የነቀርሳን ጥላ ሲፈልግ ፊልሙን ያነሣው ባለሙያ ያልፈለገውን አጥንትም አንሥቶ ነበር።

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አዲሱ የዘረመል ንባብ ቴክኒክ ፎርማልዲሃይድ የነካውን ናሙና ለማንበብ አስችሏል። በሃዋይ ከቀሩት ያልታወቁ የኮሪያ ጦርነት አፅሞች 652ቱን በየደረጃው አውጥቶ ለመመርመር በ2018 ተወሰነ። ቄስ ካፓውን ከእነዚህ መካከል ሆነው ተገኙ። በጥርስ መዝገባቸውና በዘረመል ማንነታቸው የተረጋገጠው በማርች 2021 ነው፤ ከሞቱ ከ70 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በትውልድ ግዛታቸው በካንሳስ ተቀበሩ።

ሰሜን ኮሪያ በጁላይ 2018 ያስረከበቻቸው 55 ሣጥኖች ሲመረመሩ በውስጣቸው የብዙ ሰዎች አፅም ተደባልቆ ተገኝቷል። አሁንም ከ7,000 በላይ አሜሪካውያን የት እንደ ወደቁ አልታወቀም። በሰሜን ኮሪያ ምድር ሁለቱ አገሮች በጋራ ያካሂዱት የነበረው የመቃብር ቁፋሮ በ2005 ቆሟል፤ የፒዮክቶንግ ኮረብታም በውስጡ የቀሩትን ይዞ ይገኛል።